የላብ ዋጋ፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የወላይታ ጥያቄ

የአንድ ኅብረተሰብ ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ የሥራው ታሪክ ነው። ማን አረሰ? ማን ሸመነ? ማን ተሸከመ? የተመረተውስ በማን ጎተራ ገባ? እነዚህን ጥያቄዎች ወደ ጎን ትቶ ስለ ዙፋንና ስለ ዘመቻ ብቻ የሚተርክ ታሪክ ሰፊውን ሕዝብ ከገዛ ታሪኩ ያስወጣ ታሪክ ነው። በአገራችን እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ካነሡት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙን ስፍራ የሚይዙት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ስማቸውን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሰምቶታል፤ ሐሳባቸው ግን ከስማቸው ያነሰ ይታወቃል።

ስለ እኚህ ሰው ስንጽፍ መነሻችንን ከአድዋ ወይም ከድሬዳዋ ሳይሆን ከወላይታ እናደርጋለን። ለዚህም በቂ ምክንያት አለን። የሥራ ገበያን፣ ማለትም የሰው ጉልበት የሚሸጥበትንና የሚገዛበትን ሥርዓት፣ በዶክትሬት ደረጃ አጠናለሁ የሚል ኢትዮጵያዊ ከወላይታ የተሻለ የምርምር ሜዳ ማግኘቱ ያጠራጥራል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ሶዶ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ለተቋቋመው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ያለው ገጠር በአገራችን ውስጥ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹና በቆሎው በአንዲት ጠባብ ማሳ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይበቅላሉ። የአባት መሬት ለወንዶች ልጆች በተከፋፈለ ቁጥር ማሳው ይጠብባል፤ የሚተርፈው ጉልበት ግን ይበዛል። ጎረምሳውም ይህን ትርፍ ጉልበቱን ይዞ ይወጣል። አንዱ የሊስትሮ ሣጥኑን አንግቶ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ አዋሽ ሸለቆ የአገዳ እርሻ፣ እኅቱ ወደ ሐዋሳ ፋብሪካ ወይም ወደ ሰው ቤት ሠራተኛነት፣ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ድንበር እያቋረጠ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያመራል።

የዶክትሬት ተማሪው ይህን ሁሉ ለመረዳት የተዘጋጀ የንድፈ ሐሳብ መሣሪያ አያጣም። በሴንት ሉሺያ ደሴት የተወለደው፣ በ1940 እ.ኤ.አ. ከለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የዶክትሬት ማዕርግ የተቀበለው አርተር ሉዊስ፣ በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በድሃ አገሮች ገጠር ውስጥ ገደብ የለሽ የሰው ጉልበት እንዳለና ኢንዱስትሪም ይህን ጉልበት በዝቅተኛ ደመወዝ እየሳበ ሊያድግ እንደሚችል አስረድቷል። ለዚህና ለተያያዘው ሥራው በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሌሎችም ተከታትለው ጽፈዋል፤ ሁሉም መነበብ ያለባቸው ናቸው። ነገር ግን እኛ ራሳችን በውጭ አገር ስሚዝን፣ ሪካርዶንና ማርክስን በባዕድ ቋንቋ ስናጠና በነበርንበት ጊዜ፣ አንድ የአድዋ ሰው ስለዚሁ ስለ ሥራና ስለ ዋጋ ጉዳይ በአማርኛ መጽሐፍ መጻፋቸውን የነገረን መምህር አልነበረም። ይህ ዝምታ የአንድ ትምህርት ቤት ጉድለት ብቻ አልነበረም። ዕውቀት ሁሉ ከውጭ እንደሚገባ ሸቀጥ የሚቆጠርበት አስተሳሰብ ውጤት ነበር፤ ገብረ ሕይወትም አጥብቀው የታገሉት ይህንኑ አስተሳሰብ ነው።

ገብረ ሕይወት በሐምሌ 1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት በመተማ ጦር ሜዳ እሳቸውም ወደቁ። ሕፃኑ አባቱን ባጣበት ዘመን አገሪቱ ክፉ ቀን እየተባለ በሚታወሰው ረሃብ ውስጥ ነበረች። የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ። በሬ ሲያልቅ ሞፈር ተሰቀለ። ሞፈር ሲሰቀል ሰው አለቀ። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። የአንድ ገበሬ ጉልበት፣ በሬ የሚባለው የምርት መሣሪያ ከእጁ ሲወጣ፣ ምንም ያህል ቢበረታ ራሱን እንኳ መመገብ ይሳነዋል። ኋላ ገብረ ሕይወት ስለ ሥራና ስለ መሣሪያ የጻፉት ነገር ሁሉ በሕፃንነታቸው በዓይናቸው ፊት ተፈጽሞ ነበር ማለት ይቻላል።

በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም፣ የ7 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደብ ላይ የቆመ የባዕድ መርከብ ሊያዩ ገብተው ሳይወርዱ እንደቀሩ ይነገራል። መርከቡ ወደ አውሮፓ ወሰዳቸው፤ አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብም አሳደጋቸው። ጀርመንኛን እንደ ገዛ ቋንቋቸው ተማሩ፤ በበርሊንም ሕክምና አጠኑ። የኢኮኖሚክስ ዶክተር አልነበሩም። ይህን የምንለው ለማሳነስ አይደለም። ሪካርዶ የአክሲዮን ነጋዴ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ሰው አልነበረም፤ ማርክስም በ1841 እ.ኤ.አ. ዶክትሬቱን ያገኘው በጥንት ግሪኮች ፍልስፍና ላይ በጻፈው ድርሰት ነው። የሥራን ዋጋ ጉዳይ ያነሡት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን ያገኙት ከመማሪያ ክፍል ውጭ ነው።

ከሰሜን አንድ ወላጅ አልባ ሕፃን በባሕር ሲሄድ፣ በደቡብ ደግሞ ሌላ ፍልሰት እየተዘጋጀ ነበር። በ1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በመሩት ዘመቻ የወላይታ መንግሥት ወደቀ። የወላይታ ሕዝብ በንጉሥ ጦና እየተመራ አጥብቆ ተዋጋ፤ ነገር ግን ጦርና ጋሻ ጠመንጃን ሊመክት አልቻለም። ንጉሥ ጦና ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ከጦሩ ጋር አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም ያየውን የደም መፋሰስ ጽፎ አትሞታል፤ የታሪክ ሊቃውንትም ያን ዘመቻ ከዘመኑ ዘመቻዎች ሁሉ እጅግ ደም ካፈሰሱት መካከል ይቆጥሩታል። ድል አድራጊው ሠራዊት ሲመለስ ከብትና ሰው እየነዳ ተመለሰ። ያ ምርኮ የሰው ጉልበት ነበር። ወላይታ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር በአዲስ መልክ የተገናኘችው ጉልበቷ ያለ ዋጋ በመወሰዱ ነበር ብንል አናጋንንም።

በአገሩ የቀረው ገበሬም ዕጣው የተለየ አልነበረም። በደቡብ በተተከለው የገባር ሥርዓት መሠረት ለሰፈረው ወታደርና ሹም እንደ ማዕርጉ የተወሰነ ቁጥር ያለው ገባር ይመደብለት ነበር። ገባሩ እህል ያገባል፣ ማር ያገባል። ከሁሉ የከበደው ግን ጉልበቱን መገበሩ ነበር፤ የጌታውን ማሳ ያርሳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ዕቃ ይሸከማል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሥራ ነበር፤ የሥራ ገበያ ግን አልነበረም። ገበያ የሚባል ነገር እንዲኖር ሻጩ አልሸጥም ለማለት መቻል አለበት። የወላይታ ገባር አልሸጥም ማለት አይችልም ነበር፤ ስለዚህም ለጉልበቱ ዋጋ የሚያወጣለት አልነበረም። ይህን ነጥብ አንባቢያችን በልቡናው ይያዝልን፤ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ገብረ ሕይወት ከአውሮፓ ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበት፣ መኳንንቱ ለሥልጣን በሚሻኮቱበት በዚያ ዘመን ግን የተማረ ሰው በቤተ መንግሥት ውስጥ ብዙ ጠላት ነበረው። አገር ጥለው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በዚያም የእንግሊዝን አስተዳደር በቅርብ ተመለከቱ፤ ሥርዓቱን ሲያደንቁም በባዕድ መገዛት የሚያስከትለውን ውርደት አቅልለው የተመለከቱበት ጊዜ እንደነበረ መካድ አይገባም። ከስደት ሲመለሱ ታመው ነበር። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተሰኘው ድርሰታቸው በ1912 እ.ኤ.አ. አሥመራ ውስጥ በስዊድን ሚስዮን ታትሞ ወጣ።

ይህ አጭር ድርሰት ለዘመኑ እጅግ ደፋር ነበር። የመንግሥት ገንዘብና የንጉሥ ገንዘብ ይለይ፤ ሹም በደመወዝ ይደር እንጂ ገበሬውን አይብላ፤ ግብር በሕግ የታወቀ ይሁን፤ ትምህርት ይስፋፋ፤ የሃይማኖት ነፃነት ይኑር ይላል፤ ሌላም ብዙ ይላል። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ስለ ትውልድ አገራቸው ስለ ትግራይ የጻፉት ነው። ጦርነትና ዘረፋ በተመላለሰበት በዚያ አገር ወጣቱ ቀዬውን ለቅቆ በየአቅጣጫው መበተኑን፣ ከፊሉም ለባዕድ ጌታ ማደሩን በታላቅ ሐዘን ይገልጻሉ። ገብረ ሕይወት ፍልሰትን የወጣቱ ስንፍና ወይም የጀብዱ ፍቅር አድርገው አላዩትም። ሰው የሚሰደደው በአገሩ ላቡን አፍስሶ ያፈራውን ሌላ ስለሚበላበት ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ዛሬ ሶዶ መናኸሪያ ላይ ቆሞ የተሳፋሪውን ብዛት የሚቆጥር ተመራማሪ መጠይቁን ከማርቀቁ በፊት ይህን ገጽ ቢያነብ ይጠቀማል። የትግራዩ ስደተኛና የወላይታው ስደተኛ ምክንያታቸው አንድ ነው አንልም። የአንደኛው መነሻ የጦር ዘረፋ፣ የሁለተኛው በዋነኛነት የመሬት ጥበት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ጥያቄውን ከተጓዡ ጠባይ ወደ ተነሣበት ቀዬ የምርት ግንኙነት ይመልሱታል።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ገብረ ሕይወት ወደ መንግሥት ሥራ ተመለሱ። የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ይህ ሹመት በሕይወታቸው ውስጥ ወሳኝ ነበር ብለን እናምናለን። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በድሬዳዋ ጉምሩክ የተቀመጠ ሰው የኢትዮጵያን ምጣኔ ሀብት በአንድ በር በኩል ሲገባና ሲወጣ ያየው ነበር። ከደጋው ቆዳ፣ ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ከባሕሩ ጨርቅ፣ ጠመንጃ፣ መጠጥና ጌጣጌጥ ይወጣል። ሌላው ሹም በዚህ በር የሚያየው ቀረጥ ነበር። ገብረ ሕይወት ያዩት ሥራ ነው። በዚያ ቆዳ ውስጥ የስንት ሰው ድካም አለ? በዚህ ጨርቅ ውስጥስ? የሁለቱ ልውውጥ ሚዛኑ ለማን ያደላል?

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፋቸው ያሰፈሩት ትንታኔ ከዚህ ይነሣል። የሰው ልጅ መጀመሪያ የተፈጥሮ ባሪያ ነበር፤ ዕውቀት ባገኘ መጠን የተፈጥሮ ጌታ እየሆነ ይሄዳል። ሀብት የሚገኘው ተፈጥሮን በሥራ በመለወጥ ነው። መሣሪያም ቢሆን ትናንት የተሠራ ሥራ፣ ለነገ የተቀመጠ ድካም ነው። የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚለካው እሱን ለመሥራት በሚያስፈልገው ሥራ ነው። እስከዚህ ድረስ የታወቁት የአውሮፓ ሊቃውንት ካሉት ብዙም አይርቅም። አዲሱ ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ሁለቱም በፈቃዳቸው ቢለዋወጡም፣ ያላወቀው ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም ይቀበላል፤ ውሎ አድሮም የአዋቂው አገልጋይ ይሆናል ይላሉ።

ምሳሌውን ከወላይታ እንውሰድና ቁጥሩን ለማስረዳት ብቻ እናስቀምጥ። አንድ የዳሞታ ገበሬ 10 ቀን የደከመበትን ቅቤና ቆዳ ገበያ አውጥቶ፣ በማሽን የሚሠራ የባሕር ማዶ ወዛደር በ1 ቀን ያመረተውን አቡጀዲ ገዝቶ ቢመለስ፣ የገበያው ሕግ አልተጣሰም፤ ሚዛኑ አልተሰረቀም፤ ሁለቱም ወገን ተስማምቷል። ነገር ግን የ9 ቀን ላብ በዝምታ ባሕሩን ተሻግሯል። ገብረ ሕይወት ይህን ያሰቡት ከ1911 ዓ.ም. በፊት ነው። ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር የጥሬ ዕቃ ላኪ አገሮች የንግድ ሚዛን እየተበላሸ እንደሚሄድ የጻፉት በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። አርጊሪ ኢማኑኤልም ያልተመጣጠነ ልውውጥን ከደመወዝ ልዩነት ጋር አያይዞ ያቀረበውን መጽሐፍ ፓሪስ ውስጥ ያሳተመው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ቅደም ተከተሉን የምናነሣው ለኩራት ብቻ አይደለም። ጥያቄው ከዚህ ከእኛው ጉምሩክ የተነሣ በመሆኑ፣ የእኛ ተመራማሪ ከሌላው ቤት እንደተዋሰው ዕቃ አድርጎ እንዳይመለከተው ነው።

አሁን ወደ ሥራ ገበያው እንመለስ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የገባሩ ሥርዓት በሕግ ቢሻርም የወላይታ ጭሰኛ መሬት አላገኘም። በ1946 ዓ.ም. የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቱን በደመወዝ የሚገዛ ሰፊ ገበያ ተከፈተለት። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የወጡ ወጣቶች አገዳ ቆራጮች ሆኑ። የሉዊስ ንድፍ በሥጋ ለብሶ የታየበት ቦታ ይህ ነው፤ ትርፍ ጉልበት ከጠባብ ማሳ ወጥቶ ወደ ኢንዱስትሪ ገባ። የገብረ ሕይወት ሚዛን ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ቆራጩ የሄደው ቆንጨራውን ይዞ ነው፤ የተመለሰውም በቆንጨራው ነው። ማሽኑን የሚያውቀው፣ ሒሳቡን የሚይዘው፣ ትርፉን የሚወስደው ሌላ ነበር። ጉልበቱ ቦታ ለወጠ እንጂ ዕውቀት አልጨመረም።

ሉዊስ በገጠር ያለው ትርፍ ሰው ቢወጣ ምርት አይቀንስም በሚለው ግምቱ ላይም ወላይታ አንድ ጥያቄ ታቀርብበታለች። እንሰት ዓመቱን ሙሉ እጅ የሚፈልግ ተክል ነው። ነቅሎ መትከል፣ ፍግ ማልበስ፣ መፋቅ፣ ቀብሮ ማብላላት፣ ቆጮውን ማውጣት አለ፤ አብዛኛው የሴት ሥራ ነው፤ አብዛኛውም በገበያ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። ወንዱ ሲወጣ ማሳው የማይጎዳ የሚመስለው የሴቲቱ ቀን ስለሚረዝም ነው። አንድ የዶክትሬት ጥናት ይህን የሥራ ሰዓት ካልቆጠረ፣ ትርፍ ጉልበት አገኘሁ ብሎ የሚጽፈው አኃዝ የሴቲቱን ድካም የደበቀ አኃዝ ይሆናል።

በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት ሶዶን ማዕከል አድርጎ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አቀረበ፤ ከተጨናነቀው ደጋ ሰው አንሥቶ እንደ አበላ ባለው ቆላ አሰፈረ። በገብረ ሕይወት አነጋገር፣ ለገበሬው ዕውቀትና መሣሪያ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነበር። ያም ቢሆን የመሬቱ ጥያቄ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ ተንጠልጥሎ ቆየ። አዋጁ ጭሰኝነትን አጠፋ፤ ይህ ታላቅ ታሪካዊ እርምጃ መሆኑ አያከራክርም። ከሥራ ገበያ አኳያ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሁለተኛ ገጽታ ነበረው። አቅመ ደካሞችን ከመሰሉ ጥቂት ወገኖች በስተቀር፣ በግል ይዞታ ላይ ቅጥር ሠራተኛ ማሠራትን ከለከለ። በተከታዮቹ ዓመታትም ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ለመንቀሳቀስ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። መሬቱ በየጊዜው ለሚጨምረው ሕዝብ የሚሸነሸንባት ወላይታ እንግዲህ ከጭሰኝነት ነፃ ወጥታ፣ ጉልበቷን ግን ይዛ እንዳትወጣ የተያዘችበት ዘመን ነበር ማለት ነው። ቀደም ብለን አንባቢው በልቡናው እንዲይዝልን የጠየቅነው ነጥብ እዚህ ላይ በሌላ መልኩ ይመለሳል። አልሸጥም ለማለት አለመቻል አንድ እስራት ነው፤ እሸጣለሁ ለማለት አለመቻልም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። በ2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማም ከወላይታም ብዙ ወጣት ሴቶችን ሰበሰበ። አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም በዓለም ዝቅተኛው መሆኑን ገለጸ። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል አነሣች፤ ወጣቶቹም የደመወዛቸው ብቻ ሳይሆን የሥራቸው ህልውና በሩቅ አገር ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን መሆኑን አዩ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በሚገኙ 5 ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ እየመደቡ ባደረጉት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ለቅቀው መሄዳቸውን አረጋግጠዋል። አሠሪው ይህን የዲሲፕሊን ጉድለት ይለዋል። እኛ ግን ከገባሩ ዘመን ጋር አነጻጽረን ስናየው፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ አልሸጥም ለማለት የቻለበት ምልክት ሆኖ እናገኘዋለን። አልሸጥም ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ ሄዶ የሚያርፍበትም የተሻለ ሥራ አዘጋጅቶ አይደለም።

እዚህ ላይ የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን ወሰንም መናገር ይገባል። አንድን አሳቢ ማክበር ማለት ሁሉን ነገር አይቷል ማለት አይደለም። ገብረ ሕይወት የችግሩን ቁልፍ በዕውቀት ላይ አስቀመጡ፤ ቁልፉን እንዲያዞር የጠበቁት ደግሞ አዋቂና ቅን ንጉሥን ነበር። ለለውጡ አርአያ ያደረጓት አገርም ጃፓን ነበረች። ገበሬውና ሠራተኛው ራሱ ተደራጅቶ ስለ ላቡ ዋጋ ሊደራደር ይችላል የሚለው ሐሳብ በትንታኔያቸው ውስጥ ጎልቶ አይታይም። በእርግጥ እሳቸው በጻፉበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ፋብሪካ ማለት እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነበር፤ የሠራተኛ ማኅበር በአገሪቱ በሕግ የታወቀው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1955 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለዚህ ያልነበረውን ባለማየታቸው አንወቅሳቸውም። ነገር ግን ዕውቀት ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮ፣ ዩኒቨርሲቲ በየክልሉ በተከፈተበት በዚህ ዘመን ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ የሶዶ ወጣት ባልኖረ ነበር። የተማረ ጉልበትም ገዢ ይፈልጋል፤ ገዢው አንድ ከሆነና ሻጩ እልፍ ከሆነ፣ ዲግሪው ዋጋውን አያስከብርለትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም የሚል ድንጋጌ ማካተቱ ይህንኑ የሚያሳይ ነው፤ ሕግ አውጪው ገበያውን ለብቻው መተው እንደማይበቃ ተቀብሏል።

ያም ሆኖ ስለ ምርት የተናገሩት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያልተመለሰ ጥያቄ ሆኖ ይቆያል። የሚያመርተው ጥቂት፣ የሚበላው ብዙ የሆነበት አገር በጦርነት ላይ ጦርነት ሲጨምር፣ ጦሩ የሚበላው የገበሬውን እህል ብቻ ሳይሆን እህሉን ያፈራውን ሰውና በሬ ጭምር እንደሆነ ገብረ ሕይወት አስረድተዋል። የመተማ ወታደር ልጅ ይህን ከመጻፍ የቀረበ ዕውቀት ነበራቸው። የወላይታ ገበሬም ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ያውቀዋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሕመም አረፉ። ገና 33 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የመጨረሻው መጽሐፍ ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ ስለነበረ፣ ወዳጆቻቸው አስተካክለው በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለኅትመት አበቁት። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በመጋቢት ወርም ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ታወጀ። የሥራን ዋጋ የሚመረምረው የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍና ሰው ያለ ዋጋ የሚሠራበትን ሥርዓት ለመግታት የወጣው አዋጅ እንዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ተገናኙ። ባርነት ፈጽሞ በሕግ እስኪከለከል ድረስ ግን ሌላ 18 ዓመት አልፏል፤ ጊዜው ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነበር። መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ውስጥ የታተመው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በድርሰታቸው ሊጠቅሱት የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው። በአማርኛ የሚያነበው የሶዶ ተማሪ ግን ያን ትርጉም መጠበቅ አላስፈለገውም።